ይነገረኝ ወይስ ይቅርብኝ?

መቼም እኛ ክፉ ወሬ የምናደርስበት የራሳችን ሥርዓት አለን። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሰውየው ከአልጋው ሳይወርድ ይደረስበታል። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ከሆነ ደግሞ ፈተናውን እስኪጨርስ፣ አጠገቡ ሆኖ የሚያጽናናው ሰው እስኪገኝለት ድረስ ወር ሁለት ወርም ቢሆን ይደበቃል። ሐኪም ቤት ስንሄድም ይህንኑ ልማድ ይዘነው እንገባለን። ሐኪሙ የምርመራ ውጤት ይዞ ብቅ ሲል ከበሽተኛው ቀድመን ኮሪደር ላይ እንይዘውና «ለእሱ እንዳትነግረው፤ ልቡ አይችልም» እንለዋለን።

ልብ በሉልኝ፤ የምንደብቀው የደረሰውን ሞት ብቻ አይደለም። ሊደርስ ይችላል ተብሎ የተጠረጠረውንም እንደብቃለን። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ሁለተኛው ነው። «አይችልም» የምንለው ልብ ራሱ በሽተኛ ሆኖ ሲገኝስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በየክሊኒኩ ለተራ ምርመራ የምንሰጣት አንዲት ብልቃጥ ደም ብዙ ነገር ትናገራለች። ነጭ የደም ሴል ስንት ነው፣ ፕላትሌት ስንት ነው፣ ስኳሩ፣ ኮሌስትሮሉ፣ ኩላሊት በደንብ ማጣራቱን የሚያሳየው ክሬቲኒን፤ ሁሉም በቁጥር ተጽፎ ይመጣል። ተመራማሪዎች ከእነዚህ ተራ ቁጥሮች ተነስቶ የልብ ደም ሥር መዘጋቱን መገመት ይቻል እንደሆነ ሲመረምሩ ቆይተዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ቁጥሮቹን አንድ ላይ አጋጥሞ ግምት የሚሰጥ ኮምፒዩተር ተጨምሮበታል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት።

ሕክምናውን ለባለሙያው ልተወው። የእኔ ጥያቄ የተራ ሰው ጥያቄ ነው። ደሜ ስለ እኔ የሚያውቀውን ነገር እኔ ማወቅ አለብኝ ወይ? ካወቅሁትስ በኋላ በማን ላይ ምን ዕዳ ይወድቃል?

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ግን ነገሩን እንለያይ። ደም ስለ ልብ ሲጠየቅ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ነው የሚጠየቀው፤ እኛም ክፉኛ የምንደናገረው ሦስቱን አንድ ስናደርጋቸው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ሰው በሚቀጥሉት ዓመታት ልቡን ይታመም ይሆን?» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ 5,209 ነዋሪዎች ተመዝግበው፣ ደማቸውና ኑሯቸው ለብዙ ዓመታት ክትትል ይደረግበት ጀመር። የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጡ ዛሬ ሁላችንም እንደ አባባል የምንደግመውን ነገር በማስረዳት ረገድ የዚያች ከተማ ሰዎች ውለታ ትልቅ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ይህ አሁን ደረቴን አመመኝ የሚለው ሰው የልብ ጡንቻው እየሞተ ነው ወይ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ ደም ጎበዝ መስካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ከተጎዳ የልብ ጡንቻ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም እንደሚለካ ታወቀ። ከዚያ የተሻሉ መለኪያዎች እየተተካኩ መጡና፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የአውሮፓና የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት ሃርት አታክ የምንለውን ሕመም ትርጉም ሲያሻሽሉ ትሮፖኒን የተባለውን ፕሮቲን ዋናው ምስክር አደረጉት። ታዲያ ትሮፖኒን «ጡንቻው ተጎድቷል» ይላል እንጂ «የትኛው የደም ሥር ነው የተዘጋው» ቢሉት መልስ የለውም። ደግሞም ከደም ውስጥ ከፍ ብሎ እስኪታይ ጊዜ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ጥያቄ «የደም ሥሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል ወይ?» የሚል ነው። በጣም አስቸኳዩም በጣም አስቸጋሪውም እሱ ነው። ሥሩ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ግማሽ ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ጡንቻው መሞት ይጀምራል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አብዛኛው ያልቃል። የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኢሲጂ ብዙውን ጊዜ ይናገራል፤ ሁልጊዜ ግን አይናገርም። ኢሲጂያቸው የመዘጋት ምልክት ያላሳየ፣ ነገር ግን ትሮፖኒናቸው ከፍ ያለ ሕሙማን ኋላ በካቴተር ሲታዩ፣ ወደ ሩብ የሚጠጉት የደም ሥራቸው ፈጽሞ ተዘግቶ ተገኝቷል። እርግጡን የሚያሳየው ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ ድረስ አስገብቶ በራጅ ማየት ነው። ጀርመናዊው ቬርነር ፎርስማን እ.ኤ.አ. በ1929 ያንን ቱቦ በገዛ ክንዱ የደም ሥር አስገብቶ እስከ ልቡ ያደረሰው የሚያምነው ሲያጣ ነበር። ከ27 ዓመት በኋላ ለዚሁ የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። የተራ ደም ምርመራው ተስፋ እንግዲህ ይህን ውድ ቱቦ ሳናስገባ ማን እንደሚያስፈልገው ይጠቁመናል የሚል ነው።

ተስፋው ጥሩ ነው። ችግሩ ቁጥሩ ከላብራቶሪ ወጥቶ ሰው እጅ ሲገባ የሚሆነው ነገር ነው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ አሉ። አሜሪካ የምትኖረው ልጃቸው ገንዘብ ልካ «አባዬ፣ ሙሉ ቼክ አፕ አድርግ» አለቻቸው። አደረጉ። አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ ወረቀቱን አጣጥፈው ከያዙበት ኪስ አውጥተው ስኒው አጠገብ ዘረጉት። ሁለት ሦስት ቦታ በቀይ ተሰምሮበታል።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ምን አለዎት?» አልኳቸው።

«ሐኪሙማ ‹ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ለልብዎ ይጠንቀቁ› አለኝና ቀጣዩን ሰው ጠራ። ከምኑ ነው የምጠነቀቀው? ከመኪና ነው?»

«ሌላ ምንም አላለዎትም?»

«ምንም። ስድሳ ስምንት ዓመት ሳልቆጥረው የኖርኩትን ደም ቆጥረው እንቅልፍ ነሱኝ እኮ፣ ልጄ!»

ጋሼ የሒሳብ ሰው ናቸው፤ ቁጥር አያስፈራቸውም። ያስፈራቸው ቁጥሩ ብቻውን መምጣቱ ነው። አንድ ነጋዴ «ሂሳብህ ጎድሏል» ተብሎ ብቻ ቢሰናበት ምን ያደርጋል? ስንት ጎደለ፣ ከየት ጎደለ፣ በምን ይሞላል ይላል። ጋሼ ይህን የሚጠይቁት ሰው አላገኙም። ይህን ማሳወቅ ካልነው፣ በሩቅ «እሳት!» ብሎ ጮሆ መሄድም ማሳወቅ ነው።

አሁን እስቲ ለጋሼ ቁጥሩን ራሳችን እንሥራላቸው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ምርመራ ከታመሙት 100 ሰዎች 90ውን ያገኛል፣ ጤነኞቹን ደግሞ ከ100 90ውን «ደህና ነህ» ይላል እንበል። በጣም ጥሩ ምርመራ ይመስላል። ይህን ምርመራ 50ው ብቻ በታመሙበት የ1,000 ሰው ሰፈር ውስጥ እናዙር። ከታመሙት 45ቱን ያገኛል። ከቀሩት 950 ጤነኞች ደግሞ 95ቱን በስህተት «ታመሃል» ይላቸዋል። በጠቅላላው 140 ሰው ወረቀቱ ቀልቶ ቤቱ ይገባል፤ ከእነዚህ በእርግጥ የታመሙት 45 ናቸው። ከሦስቱ አንድ ያህል መሆኑ ነው። ሁለቱ በከንቱ ነው እንቅልፍ ያጡት። ከ50ው ደግሞ አምስቱ «ደህና ነህ» ተብለው ተሸኝተዋል። እነሱ ደህና ተኝተዋል፤ ቢነቁ ይሻላቸው ነበር።

ይኸው ምርመራ ደረቱን አሞት ድንገተኛ ክፍል የመጣ ሰው ላይ ቢደረግ ደግሞ ውጤቱ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል፤ ቀድሞውንም ከእነሱ መካከል የታመሙት ብዙ ናቸውና። እንግዲህ ያው ቁጥር ካፌ ውስጥ አንድ ነገር፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሌላ ነገር ይናገራል ማለት ነው። ሰውየውን ሳያዩ ወረቀቱን ማንበብ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ብዙዎቻችን የልብ ደም ሥር የሚዘጋው እንደ ቤታችን የውሃ ቧንቧ ይመስለናል። ቀስ እያለ ደለል ይሞላዋል፣ አንድ ቀን ጠብ አልል ይላል። በርካታ ድንገተኛ ሕመሞች የሚነሱት ግን ከዚያ በፊት የደም ሥሩን እምብዛም ካላጠበበ የስብ ክምችት ነው። ክምችቱ እንደ ብጉንጅ ይፈነዳል፣ ደም እላዩ ላይ ይረጋል፣ መንገዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋል። ትናንት በካቴተር ቢታይ «ይህን ያህል አያሰጋም» ሊባል የሚችል ሰው ዛሬ ሊወድቅ ይችላል። ብጉንጅ መኖሩን መጠርጠር ይቻላል። የሚፈነዳበትን ቀን መናገር ግን ዛሬም አልተቻለም።

ደግሞስ ይህ ቁጥር የተማረው ከማን ደም ነው? ይህ ጥያቄ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የትርፍ ጊዜ ወሬ አይደለም። ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ኒውትሮፊል ይባላል። የእሱ ብዛት ሊምፎሳይት ከሚባለው ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ምጣኔ ከልብ ደም ሥር መታመም ጋር እንደሚዛመድ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። ነገር ግን ኢንፌክሽንም፣ የሰውነት መጨነቅም ያንኑ ቁጥር ያንቀሳቅሱታል። ከዚህም በላይ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ብዙ ፍጹም ጤነኛ ሰዎች በተፈጥሯቸው ኒውትሮፊላቸው አነስተኛ ነው። ወደ እስራኤል በሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ላይም ይኸው በሐኪሞች ተመዝግቧል። የፍራሚንግሃም የመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ነበሩ። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ለብሰን «ትከሻህ ጠቧል» ብንባል ጥፋቱ የትከሻችን ነው? ከሩቅ አገር የመጣ ቀመር እዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በእኛው ደም ላይ መፈተን አለበት። ይህ ከሳይንስ ጥንቃቄነቱ ባሻገር ሰውን እንደ ሰው የመቁጠር ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ። «እንግዲያው ቁጥሩ ይህን ያህል የሚወላውል ከሆነ ባንሰማው አይሻልም?» የሚል ሰው ይኖራል። አላምንበትም። ምክንያቱን ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ያስረዱልኛል።

ሀንቲንግተን የሚባል የአንጎል በሽታ አለ፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። እናታቸውን በዚህ በሽታ ያጡት ዶክተር ናንሲ ዌክስለር የተሳተፉበት ጥረት እ.ኤ.አ. በ1993 ዘረ መሉን አገኘ። ምርመራው ቀላል ሆነ። ሆኖም ወላጃቸው በበሽታው ከተያዘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ መመርመር አልፈለጉም። በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት የለም። በሠላሳ ዓመት ዕድሜ ስለ ሃምሳ ዓመት መከራ መስማት ምን ይጠቅማል አሉ። እኔ በበኩሌ እነዚህን ሰዎች ፈሪ ለማለት አፌ አይደፍርም። ማወቅ ምንም በር የማይከፍት ሲሆን፣ አለማወቅም የሰው መብት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የራሳችን ነው። ኤች አይ ቪ በመጣብን ሰሞን ስንቱ ነው «ባልሰማው ይሻለኛል» ብሎ ከምርመራ የሸሸው? መሸሹም ምክንያት ነበረው። ምርመራው የሚነግረው የሞት ፍርድ ብቻ ነበር። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መታደል ሲጀምር ግን ያው ምርመራ፣ ያቺው የደም ጠብታ፣ ትርጉሟ ተለወጠ። ቀድሞ የፍርድ ወረቀት የነበረው የመግቢያ ትኬት ሆነ። «አልመረመርም» ማለትም በራስ ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር መሆኑ ቀረና በትዳር ጓደኛም በልጅም ላይ የሚፈረድ ሆነ። ከዚህ የምንማረው፣ የማወቅ ዋጋ የሚለካው ከማወቁ በኋላ በሚከፈተው በር መሆኑን ነው።

ታዲያ የልብ ነገር ከሁለቱ ወደየትኛው ይቀርባል? ያለጥርጥር ወደ ሁለተኛው። የደም ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት አለ፣ ኮሌስትሮል የሚቀንስ አለ፣ ሲጋራ ማቆም ገንዘብ አያስወጣም፤ እንዲያውም ያተርፋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው፣ ከ17,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ለተጠረጠረባቸው ሰዎች በሐኪም የታዘዘች አስፕሪን ሞትን በ23 በመቶ እንደቀነሰች አሳይቷል። አስፕሪን ደግሞ የትም መድኃኒት ቤት የምትገኝ ርካሽ ክኒን ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያሻሻለው የልብ ሕመም መገመቻ ሰንጠረዥ አንዱ ዓይነት ደም እንኳ አይጠይቅም፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ግፊት፣ ሲጋራ፣ ክብደትና ቁመት ይበቃዋል። «መሣሪያ ስለሌለን ማወቁ ምን ይሠራልናል» የሚለው ሰበብ እንግዲህ ግማሹ ወደቀ።

ግማሹ ግን ቆሟል። በካቴተር የልብ ደም ሥር የሚከፍቱ ክፍሎች በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ገጠር ያለ ገበሬ ደረቱን ጨምድዶ ሲይዘው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ተልባ ይጠጣል። ጤና ጣቢያ ቢደርስና ኮምፒዩተሩ «70 በመቶ ተዘግቷል ብዬ እገምታለሁ» ቢል፣ ቀጥሎ ወዴት ነው የሚላከው? በየትኛው አምቡላንስ? በማን ገንዘብ? ተስፋ የሌለውን ሰው ማስደንገጥ እንግዳ ጠርቶ በር እንደ መዝጋት ነው። ስለዚህ ምርመራውን ወደ ወረዳ የሚያወርድ ሰው መንገዱንም አብሮ የማውረድ ዕዳ አለበት እላለሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የገደቡ ነገር ነው። ቀመሩ ምንጊዜም «በመቶ ይህን ያህል» ነው የሚለው። አንድ ሰው «ከ20 በመቶ በላይ የሆነውን ወደ ካቴተር ክፍል ላክ፣ ከዚያ በታች ያለውን ወደ ቤቱ ሸኝ» ብሎ መስመር ማስመር አለበት። መስመሩን ዝቅ ብታደርገው ደህናውን ሰው ሁሉ ቱቦ ታስገባበታለህ፤ ቱቦውም የራሱ አደጋና የራሱ ወጪ አለው፣ አልጋውንም የባሰበት ይነጠቃል። ከፍ ብታደርገው ደግሞ የደም ሥሩ የተዘጋ ሰው ታክሲ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አባቶቻችን «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ስንጥር ፍለጋ ገንፎውን ሁሉ የደፋም አይበላም።

ይህን መስመር የትኛውም ሒሳብ አያሰምረውም። አንዱን ሰው በከንቱ ማስጨነቅና ሌላውን ሰው ማጣት በምን ሚዛን ይመዘናሉ የሚለው የሕሊና ጥያቄ ነው። አደጋው መስመሩ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ ከዓይን መሰወሩ ነው። ነገ አንዲት እናት ልጇን ቀብራ መጥታ «ለምን ሸኛችሁት?» ብትል «ማሽኑ ነው» የሚል መልስ እንድትሰማ አልፈልግም። ማሽን ልቅሶ አይደርስም። መስመሩን ማን እንዳሰመረው፣ ለምን እዚያ ላይ እንዳሰመረው በግልጽ የሚናገርና የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት። የድሃው ልብ ደግሞ ይበልጥ ይህን ይፈልጋል። ሀብታሙ ማሽኑን ካላመነ ሌላ ሐኪም ጋ፣ ሌላ አገርም ይሄዳል። የድሃው የመጀመሪያ ግምት ብዙውን ጊዜ የመጨረሻውም ነው።

ስለ ኮሪደሩ ሽኩሹክታም ሳልናገር አላልፍም። «ልቡ አይችልም» ብለን የምንደብቀው በፍቅር ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን ምን እንደምንወስድበት እናስብ። የሚያውቅ ሰው ሲጋራውን ሊጥል ይችላል፣ መድኃኒቱን ሊውጥ ይችላል፣ ደረቱን ሲያመው «ጨጓራ ነው» ሳይል ሊሮጥ ይችላል። የባሰም ቢመጣ፣ ኑዛዜውን ይጽፋል፣ የተጣላውን ይታረቃል፣ ዕዳውን ይከፍላል። ዝም ስንለው ከድንጋጤ አድነነው ይሆናል፤ ነገር ግን የራሱን ሕይወት የማሰናዳት ሥራውን ነጥቀነዋል። ሕፃን አድርገነው ነው የቀበርነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የምንል ሰዎች፣ በሽታውን ከባለቤቱ መደበቅን ከየት አመጣነው?

ስለዚህ «ይነገርህ ወይስ ይቅርብህ?» ብባል፣ ይነገረኝ እላለሁ። ግን በወግ ይነገረኝ። መርዶን እንኳ በወግ የምንናገር ሕዝብ ግምትን በሩጫ መናገር አያምርብንም። ቁጥሩ ግምት መሆኑን ጨምሮ የሚነግረኝ፣ ሁለት ጥያቄ እስክጠይቀው ድረስ ቀጣዩን ሰው የማይጠራ፣ «ከዚህ በኋላ ይህን ይህን እናደርጋለን» የሚለኝ ሰው ይንገረኝ። «እናደርጋለን» በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው «እኛ» ናት መድኃኒቱን ግማሽ የምትሆነው። ጋሼን ያጣላቸው ቀይ መስመሩ ሳይሆን የዚህች «እኛ» አለመኖር ነው። እሳቸውም ሌላ ሐኪም ዘንድ ቀርበው በእርጋታ ይጠይቁ ዘንድ መክሬያቸዋለሁ፤ ለልጃቸውም የወረቀቱን ፎቶ ብቻ ከመላክ ደውለው እንዲያወሯት። ደም የሚናገረውን ሰው ካልተረጎመው ቁጥር ሆኖ ይቀራል፤ ቁጥር ደግሞ አብሮ አያድርም፣ አያስታምምም።